በአፌ የጨረስኩት ፊልም

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት መምህርት ሰላማዊት ሞላሌ ያለው ቤቴ ድረስ መጣች። ሰላማዊት እኔ ጡረታ ከወጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ የተመደበች የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። በየሐሙሱ ከሰዓት ተማሪዎቿን ሰብስባ ፊልም ታሳያለች፤ ካዩ በኋላ ይወያያሉ። በዚያ ሳምንት የሚያዩት ጥቁርና ነጭ የሆነ የድሮ የወሮበሎች ፊልም እንደሆነ ነገረችኝና ታሪኩን ብትጀምርልኝ እኔ ቀጠልኩላት። ተገረመች። ይህን ፊልም እዚሁ ትምህርት ቤት፣ ለዚሁ አገር ሰው የተረጎምኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ይህን ያህል ዘመን አፍኜ የኖርኩትን ነገር ለምን እንደዚያ በኩራት እንዳወጣሁት አላውቅም። ዕድሜዬ ምላሴን አላልቶት ይሆናል። እሷም ደስ ብሏት፣ እንግዲያው ከእኛ ጋር ያያሉ፣ ያኔ እንዴት እንደነበረም ለልጆቹ ይነግሩልኛል አለችኝ። እምቢ ለማለት የሚበቃ ሰበብ አጣሁ።

ሐሙስ ሄድኩ። አዳራሹ ያው የጥንቱ ነው። ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ የጭቃው ግድግዳ በስሚንቶ ተለስኗል፤ መስኮቶቹ ግን እዚያው የነበሩበት ናቸው። ድሮ ሁለት ጎልማሳ ተሸክሞት ይገባ የነበረው ማሽን ዛሬ አንድ ዳቦ ያህላል። ሰላማዊት ከኪሷ ፍላሽ አውጥታ ሰካችና ሰውዬው ግድግዳው ላይ ብቅ አለ። ባርኔጣውን ወደ አንድ ዓይኑ ዘንበል አድርጓል፣ የካፖርቱን ኮሌታ አቁሟል፣ ሲጋራውን ከከንፈሩ ሳያወርድ ይናገራል። እኔ ጥርሴ ረግፎ ምርኩዝ ይዣለሁ፤ እሱ አንድ ቀን እንኳ አልጨመረም። የሚናገረው ሁሉ ከሥር በአማርኛ ይጻፋል። ተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው የለም።

ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ይስቁ ነበር። ሐኪሙ በሽተኛው አጠገብ ቆሞ ሲያጨስ ሳቁ። ሰውዬው እቤት ገብቶ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ለእራት ሲቀመጥ ሳቁ። ነገሩ ዝግ ብሎባቸው ነው መሰለኝ አንዳንዱ ስልኩን ይነካካል። የሚስቁት እኛን ባላሳቀን ቦታ ነበር፤ እኛ የሳቅንበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ዝም አሉ። ወሮበላው ወዳጁን፣ አንዲት ዘፋኝ ናት፣ በጥፊ የሚመታበት ቦታ አለ። ያኔ አዳራሹ በሳቅ ተናውጦ ነበር። እኔም ማይክራፎኑን እንደያዝኩ ስቄ፣ "የእጇን አገኘች" ብዬ ከራሴ ጨምሬበታለሁ። አሁን ግን ከሴቶቹ ልጆች አንዷ፣ እስካሁን ይቺን ሴትዮ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም ስትል ሰማሁ። ሕይወት ትባላለች፤ አሥረኛ ክፍል ናት። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ፣ ሰውዬው አምስት ሰው ገድሎ ባርኔጣው ስላማረበት እዘኑለት ይሉናል ብሎ አጉረመረመ። አንገቴን ደፋሁ። እኛ እኮ ከእሱ ጋር ነበርን። በማግስቱ የሞላሌ ጎልማሳ ሁሉ ባርኔጣውን ወደ አንድ ዓይኑ ዘንበል አድርጎ ነበር የወጣው፤ ባርኔጣ የሌለው ጋቢውን ወደዚያው ጎተት አድርጎ።

ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ወንበሬን አጥብቄ ይዤ ነበር። ወሮበላው አንድ ባዶ ፋብሪካ ውስጥ ተከቧል። ከልጅነቱ አብሮት ያደገ፣ ኋላ ፖሊስ የሆነ ጓደኛ አለው። ያ ጓደኛው ከውጭ ሆኖ መሣሪያህን ጥለህ፣ እጅህን አንሥተህ ውጣ፣ ማንም አይነካህም ይለዋል። ሰውዬው ያምነዋል። ሽጉጡን ጥሎ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ በብረቱ ደረጃ ቀስ እያለ ይወርዳል። ግማሹን እንኳ ሳይወርድ ሌላ ፖሊስ ተኩሶ ይጥለዋል። ፊልሙ እዚያ ያበቃል። ይህን መጨረሻ በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ልጆቹ ስልካቸውን ትተዋል። "እጁን አንሥቶ እኮ ነው" አለች ሕይወት። ከዚያ ክርክር ተነሣ። ግማሹ ሰውዬው የእጁን ነው ያገኘው አለ፤ ግማሹ እጁን የሰጠን ሰው መግደል ከወሮበላው ሥራ በምን ይሻላል አለ። ሕይወት ግን ከሁሉም የባሰው ያ ጓደኛው ነው፣ አይነኩህም ብሎ ያወጣው እሱ ነው አለች። ሰላማዊት ወደ እኔ ዞረችና፣ ጋሼ፣ ያኔ ሲተረጉሙት ሰዉ እዚህ ላይ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። "ወደዱት" አልኩ። ሌላ ነገር ሳትጠይቀኝ ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ።

ሞላሌ መጀመሪያ ስመጣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከደብረ ብርሃን በጭነት መኪና፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። በግ በስምንት ብር ይገዛ ነበር፤ ሻይ ከነዳቦው አሥር ሳንቲም ነው። ከገበያው ማዶ፣ የጨርቅ ነጋዴዎቹ ተራ ከሚያልቅበት ጥግ ላይ አንድ ጠጅ ቤት ነበር፤ የሸክላ ማጫወቻ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሸክላው ሦስት ስለሆነ የከተማው ሰው ሦስቱንም ዘፈን በቃሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው ሸክላ ተጭሮ ስለነበር አንዲት ቃል ላይ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ይደግማታል፤ ሰዉም በየመንገዱ ሲያንጎራጉር ያቺን ቃል ሦስት ጊዜ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሸክላው ከተሰበረ በኋላ እንኳ እንደዚያው እያሉ ሲዘፍኑ ሰምቻለሁ። ተርጋል ከሚባለው የፈረንጅ ጨርቅ የተሰፋ ሱሪ የለበሰ ሰው በጣት ይቆጠራል። እኔ አንድ ነበረኝ፤ ከፍራሼ ሥር አንጥፌው እየተኛሁ ነበር የምተኩሰው። ሌላው ሰው የጠጉር ካባውን በርኖሱንና ተነፋነፍ ሱሪውን ለብሶ ሲሄድ እኔ በዚያ ውርጭ በስስ ሱሪ እየተንቀጠቀጥኩ ዘመናዊ ነኝ እል ነበር። ዛሬ የሞላሌ ልጆች የሚለብሱትን ሳይ አልፈርድባቸውም።

ተዋበችን ያወቅኋት ዝተት የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ላሠራ ብዬ ነው። የበግ ጠጉር ፈትላ ለሸማኔ እየሰጠች፣ የተሠራውን ዝተት ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ አውጥታ የምትሸጥ ልጅ ነበረች። አንድ አዘዝኳትና ደረሰ ወይ እያልኩ በየሁለት ቀኑ እመላለስ ጀመር። ዝተት በሁለት ቀን እንደማይደርስ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ታላቅ ወንድሟ ጌጡ በግጦሽ ወሰን ተጣልቶ ጎረቤቱን ገድሎ ሸፍቶ ነበር። ከጓሳ በታች ባለው ገደል ውስጥ እንደሚኖር የማያውቅ የለም። በየሳምንቱ ቂጣና ቆሎ በጠጉር እስር ውስጥ ደብቃ የምታደርስለት ተዋበች እንደሆነችም ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የአገሩ ሥርዓት የታወቀ ነው። ገዳዩ ቀሳውስት ይልካል፤ እነሱ የሟችን ዘመድ ለምነው፣ አስምለው፣ ሰውዬውን መስቀል ይዘው በመሐላቸው አድርገው ያመጡታል። በመስቀል መሐል በሚሄድ ሰው ላይ የሚተኩስ አይገኝም። ልመናው ተጀምሮ ነበር፤ ቀሳውስቱ የገና ጾም እስኪፈታ ታገሱ ተብለው ነበር።

የሲኒማው መኪና የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሾፌሩም፣ ማሽኑን አንቀሳቃሹም አቶ ገረመው የሚባል፣ የቆዳ ጃኬት የሚለብስ፣ ጎማ ሲፈነዳም ፍሬን ሲበጠስም የማይደነግጥ ሰው ነበር። በማታ ብርዱ ሰው ስለማያስወጣ ፊልሙ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ እንዲታይ ተወሰነ። አዳራሹን ለማጨለም መስኮቶቹን በዝተት ጋረድናቸው፤ አራቱን ያዋሰችን ተዋበች ናት። ሰዉ በርኖሱን እንደለበሰ ገብቶ ሲታፈግ፣ ያ የበግ ጠጉርና የቅቤ ሽታ ከማሽኑ የጋለ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ዓይን ያቃጥል ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው የፊልሙን ቋንቋ ያውቃል ተብሎ የታመነው እኔ ነኝ፤ የእንግሊዝኛ መምህር ነኛ። እውነቱን ለመናገር ከመጽሐፍ ላይ አነብ ነበር እንጂ ሰው እንደዚያ ፈጥኖ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። አቶ ገረመው ገብቶታል መሰለኝ፣ ጠዋት ጠጅ ቤት ወስዶ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር በአማርኛ ነገረኝ። የፊልሙ መጨረሻ ብዙ ከመታየቱ የተነሣ ተበልቷል፣ ሰውዬው እጁን አንሥቶ ደረጃው ላይ ሲቆም ይቋረጣል አለኝ። "ከዚያ በኋላ ይገድሉታል። አንተ በአፍህ ጨርሰው" አለኝ።

እንዴት እንደሆነልኝ ዛሬም ይገርመኛል። ለሁሉም አማርኛ ስም አወጣሁላቸው፤ ወሮበላው ዘለቀ ተባለ። ያልገባኝን ከራሴ እየሞላሁ፣ ያላሉትን እያናገርኳቸው፣ ሰዉን ሳስቀው፣ ሳስለቅሰው ቆየሁ። እንደዚያ ቀን የተደመጥኩበት ቀን በሕይወቴ አልነበረም። ዘለቀ እጁን አንሥቶ ደረጃው አናት ላይ ቆመና ማሽኑ ቀጥ አለ፤ ግድግዳው ነጭ ሆነ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተዋበች ሁለተኛው መደዳ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። ገደሉት ልል ከንፈሬን ከከፈትኩ በኋላ ነው ያየኋት። "ማሩት" አልኩ። "እጁን ስለሰጠ ማሩት። ሦስት ዓመት ታስሮ ወጣ፤ እናቱ ቤት ገብቶ ማረስ ጀመረ።" እልልታው አዳራሹን ሞላው። ሰዉ ተራ በተራ እጄን እየጨበጠ ወጣ።

ተዋበች ሰዉ ሁሉ እስኪወጣ ቆይታ ወደ እኔ መጣች። እጁን ስለሰጠ ብቻ ማሩት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ ቃሌን ልመልሰው እችል ነበር። ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ግን ዓይኗን አየሁትና፣ አዎ፣ የሠለጠነ አገር ሕግ እንደዚያ ነው አልኳት፤ ዘመኑ ተለውጧል፣ እኛም አገር እንደዚያው እየሆነ ነው ብዬ ጨመርኩላት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ የሆነውን የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጌጡ በገበያ ቀን ከገደሉ ወጣ። ቄስ አብሮት የለም፣ መስቀል የለም። ጠመንጃውን ከበግ ተራው ዳር አስቀምጦ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ብቻውን በገበያው መሐል ወደ ፖሊስ ጣቢያው መሄድ ጀመረ። የሟቹ ወንድም ከጨው ሻጮቹ አጠገብ ነበር። አንድ ጥይት ነው የተተኮሰው። በዓመቱ ዝውውር ጠይቄ ዘመሮ ሄድኩ፤ ሚስት አገባሁ፣ ልጆች አሳደግሁ፣ ስንቱን አስተማርኩ። ጡረታ ስወጣ ወደ ሞላሌ የተመለስኩት ባለቤቴ እዚህ ዘመድ ስላላት ነው። ተዋበች መንኩሳ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ እንደምትኖር ሰማሁ። ዛሬ እማሆይ ይባላሉ፤ ስንት እሑድ ከሩቅ አይቻቸው በሌላው በር ወጥቻለሁ።

የልጆቹን ክርክር ከሰማሁ በኋላ ግን መተኛት አቃተኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። እማሆይ ከጎጇቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ገብስ ይለቅማሉ። አወቁኝ፤ መምህር ይግቡ ብለው በርጩማ ሰጡኝ። ስለ ጤናም ስለ ልጆቼም ጠየቁኝ።

"እማሆይ" አልኳቸው፣ "ያ ፊልም መጨረሻው እኔ እንዳልኩት አይደለም። ሰውዬውን ገድለውታል። ያኔም አውቅ ነበር።"

እጃቸው ከሰፌዱ ላይ አልተነሣም። "እኔም አውቅ ነበር" አሉ።

ያን ቀን እኔን ጠይቀው ከወጡ በኋላ ዝተቶቻቸውን ሊያወርዱ ሲመለሱ አቶ ገረመውን አግኝተው ጠይቀውት ኖሯል። እሱም ዕቃውን እየጫነ፣ ይገደላል እኮ፣ መምህሩ ለእናንተ አዝኖ ነው አላቸው። ሦስት ሳምንት ይዘውት ቆዩ። እናታቸው ታመው ነበር። ያን ገደል በየሳምንቱ መውረድና መውጣት እግራቸውን ጨርሶታል። ሊያገባቸው የጠየቀ ሰው የወንድማቸውን ነገር ሰምቶ ቀርቷል። ጌጡ ቀሳውስቱን እጠብቃለሁ ሲል እሳቸው ናቸው አያስፈልግም ያሉት።

"እርስዎ እንደነገሩን አድርጌ ነገርኩት" አሉኝ። "እጅህን እንዲህ አንሣ ብዬ አሳየሁት። ደክሞኝ ነበር፣ መምህር። ምናልባት እንደ እርስዎ ይሆናል አልኩ። ለነፍስ አባቴ እንኳ መምህሩ አሳሳተኝ ነው ያልኩት፤ ኃጢአቱ እስከ ዛሬ በእርስዎ ላይ ነው ያለው።"

ምን እንደተሰማኝ ብናገር ያሳፍረኛል። ትከሻዬ ቀለለኝ። አንዲት አሮጊት መነኩሲት እፊቴ እንባቸው በገብሱ ላይ እየወረደ፣ እኔ በደለኞቹ ሁለት ሆንን ብዬ እፎይ አልኩ። እሳቸውም ሳያውቁብኝ አልቀሩም፤ ቀና ብለው ብዙ አዩኝ። ልጆቹ ሲጠይቁኝ ምን እንዳልኳቸው ጠየቁኝ። ወደዱት ብያቸዋለሁ አልኩ። "ይመለሱና እውነቱን ይንገሯቸው" አሉ። "ስሙንም ይጥሩላቸው። ጌጡ ነበር በሏቸው። የኔንም አይተዉት።"

በሚቀጥለው ሐሙስ ፊልሙ ሳይጀመር ጥቂት ደቂቃ እንድትሰጠኝ ሰላማዊትን ለመንኳት። አዳራሹ ፊት ለፊት፣ ያኔ በቆምኩበት አካባቢ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ተበላው መጨረሻ፣ ማሩት ስላልኩት፣ ስለ ተዋበች፣ ስለ ጌጡ። ሰው ሲያለቅስ የሚያዩ ይመስል አንዳንዶቹ ዓይናቸውን አሸሹ። ሰላማዊት ወንበር አመጣችልኝ። ሐዘኔታቸው ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር። ያኔ ሕይወት እጇን አወጣች።

"እሱ እጁን አንሥቶ ሲመጣ እርስዎ የት ነበሩ?"

ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ያኔ የአገር ሽማግሌዎች አልጠየቁኝም፣ እማሆይ አልጠየቁኝም። ባለቤቴም ሳትጠይቀኝ ሞተች።

ገበያው ውስጥ ነበርኩ አልኳት። ጨርቅ ነጋዴው ዘንድ ቆሜ ለሁለተኛ ተርጋል ሱሪ እያስለካሁ ነበር። ጌጡ ከበግ ተራው በኩል ሲመጣ አየሁት። ፊቱ ጠቁሯል፣ ጠጉሩ አድጓል። ፊልሙን ያዩ ሰዎች ወዲያው ገባቸው፤ አንድ ሁለቱ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞር አሉ። የሟቹን ወንድምም አየሁት፤ ተነሥቶ በርኖሱን ሲገልጥ አየሁት። ከእኔ እስከ ጌጡ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ተመለስ ብዬ ብጮህ ይሰማኝ ነበር።

"ለምን አላሉትም?" አለችኝ።

"ኮርቼ ነበር" አልኳት። "በእኔ ቃል ከገደል ወጣ ብዬ፣ ሰዉ እስኪያይልኝ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር።"